አንድ ኪሎ ገብስ ሰባት ኪሎ ሲሆን

ባለፉት እትሞች ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ገንዘብ አያያዝ ስንነጋገር ነበር። ዛሬ ግን ወደ በረት ልወስዳችሁ ነው። «እኛ የላም መኖ ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የገንዘብና የትዳር ጉዳይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የምንኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። በእኛ ሰፈር ማለዳ የከባድ መኪና ድምፅና የላም እምቧታ አብረው ይሰማሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሦስት ላም አስረው፣ ወተት እየሸጡ ልጅ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ላሞቹም የዋዛ አይደሉም። ብሔራዊው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የተቋቋመው እዚሁ ቃሊቲ ነው፤ ከዚያ በወጣ ዘር የተዳቀሉት ላሞች ዛሬ በአገሩ ሁሉ አሉ። የተዳቀለች ላም ግን እንደ ሀበሻ ላም ያገኘችውን ቃርማ አትኖርም። በደንብ ካልበላች ወተቷን ወዲያው ትቀንሳለች።

መኖው ደግሞ ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። ድሮ ሣር የሚታጨድበት የቱሉ ዲምቱ ሜዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። ድርቆሹ ከሱሉልታ በአይሱዙ ተጭኖ ከተማውን አቋርጦ ይመጣል፣ ዋጋውም ከመንገዱ ጋር አብሮ ይረዝማል። በወንዝ ዳር የሚታጨድ ለምለም ሣር አለ፤ ነገር ግን ትልቁም ትንሹም አቃቂ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ እየተሸከሙ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። ያንን ሣር አይቼ ወተቱን ለልጄ ለመስጠት እኔ እጄ አይታዘዝልኝም።

የቀረን ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። ፋጉሎም የራሱ ታሪክ አለው። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወተት ላይ መርዛማ ነገር ተገኘ ተብሎ ብዙ ሰው ወተት መግዛት ያቆመበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት መሠረት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች አፍላቶክሲን ያልተገኘበት አልነበረም፤ በአውሮፓ ከተፈቀደው መጠን ያላለፉትም 9 ብቻ ነበሩ። አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ ከመኖው ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ ይሻገራል። ከመኖዎቹ መካከል በዋናነት የተጠቆመውም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ወተት ሲቀዳ «ፋጉሎ ትሰጧቸዋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው አንድ ወንድም በስልኩ ቪዲዮ ያየው። ገብስ ያለ አፈር፣ በትሪ ላይ፣ በውሃ ብቻ በሰባት ቀን ይበቅልና እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ለላም ይሰጣል። ሃይድሮፖኒክስ ይሉታል። «አንድ ኪሎ ገብስ ሰባት ኪሎ መኖ ይሆናል!» ወንድማችን ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አልወሰደውም። ለልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ታስቦ የተጠራቀመውን የዕቁብ ገንዘብ አውጥቶ በያጅ አምስት የብረት መደርደሪያ አሠራ፣ ትሪ ገዛ፣ ትንሽ ፓምፕ ገጠመ።

እውነቱን ልናገርና እኛም አጨብጭበናል። ባለቤቴ ከመድረክ ሆኖ «ወንድማችንን እዩ፣ በትጋት እንዲህ ይሠራል» አለ። እኔም የሴቶች ኅብረት የቁጠባ ገንዘብ ያዥ ነኝና «ለምን እኛም አንገዛም?» ብዬ በስብሰባ ላይ አነሣሁ። ጌታ ይመስገን፣ አንዲት እናት «እስቲ ክረምቱ ይለፍ» ብለው አዘገዩን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የወንድማችን ሚስት ቤታችን መጣች። ደጋግማ እንድትቀመጥ ብለምናትም ቆማ ነው የነገረችኝ። በቀን 11 ሊትር ትሰጥ የነበረችው ላም 7 ወርዳለች። የሌሎቹም ቀንሷል፣ እበታቸው ቀጥኗል። የኮሌጁ ክፍያ ቀን ደግሞ ደርሷል።

«ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር። ጭዱን ሲቀንስባቸው፣ ፋጉሎውን ጨርሶ ሲያስቀር አይቼ ላሞቹ እንደማይጠግቡ አውቄያለሁ። ግን አንቺ ባል ሲወስን ሚስት ዝም ትበል ብለሽ አስተምረሽናል።»

አዎ፣ አስተምሬያለሁ። ቃሉ በትክክል እንደዚያ አልነበረም ብዬ ልከራከር እችል ነበር፤ የሰማችው ግን ያንን ነው። ላሞቹን በሌሊት ተነሥታ የምታልባቸው እሷ ናት፣ በረቱን የምትጠርገው እሷ ናት፣ ስለ ላሞቹ ግን ያልተጠየቀችው እሷ ነበረች። ስለዚህ ትምህርቴ ለእህቶች በአካል ተመልሼ ተናግሬያለሁና እዚህ አላረዝመውም።

ወደ ገብሱ እንመለስ፤ ምክንያቱም ወንድማችን የተሳሳተው በመጨከን ሳይሆን በሒሳብ ነበርና።

ነገሩ ለእኛ ለሴቶች አዲስ አይደለም። ብቅል ማለት ነው! እናቴ ለበዓል ጠላ ስትጠምቅ ገብሱን ትዘፈዝፍና፣ ታጠልና፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ትጭንበት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ነጫጭ ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ቂጣ ይነሣል። ዛሬ በቤቴ ጠላ የለም፣ የብቅሉ ሽታ ግን አሁንም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። የላሙ መኖም ይኸው ብቅል ነው፤ ልዩነቱ በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ብርሃንና ውሃ እያገኘ እስከ ሰባተኛው ስምንተኛው ቀን ይቀጥላል፣ ከሥሩ እስከ ቅጠሉም ይበላል።

ታዲያ አንዱ ኪሎ ከየት መጥቶ ሰባት ሆነ? ማክሰኞ ቀን ያንን ምንጣፍ አንድ ኪሎ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኜ፣ በታትኜ፣ ጣሪያ ላይ በሰፌድ አሰጣሁት። ሦስት ቀን ፀሐይ መታው። ዓርብ መልሼ ስመዝነው 120 ግራም ሆነ። ሌላው ውሃ ነበር። ሰባት ኪሎው ሲደርቅ 840 ግራም ነው ማለት ነው። የተዘራው ገብስ 1 ኪሎ ነበር፤ ስለዚህ አልበዛም፣ እንዲያውም 160 ግራም ጎደለ። ቡቃያው ለማደግ የሚያቃጥለው ኃይል ከየትም አይመጣም፣ ከእህሉ ከራሱ ነው። ብዙ ጊዜ «ፕሮቲኑ ይጨምራል» የሚባለውም ስታርቹ ሲቀንስ የፕሮቲኑ ድርሻ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ነው እንጂ ከውሃ ፕሮቲን ተፈጥሮ አይደለም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ስንማር የማስበው የገበያውን ነጋዴ ብቻ ነበር። ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ሰው ራሱን ሊያታልልበት እንደሚችል ያየሁት በዚያ ሰፌድ ላይ ነው።

ባልና ሚስቱን ጠርተን ይህን በወረቀት አብረን ሠራነው። 400 ኪሎ የምትመዝን የምትታለብ ላም በቀን ወደ 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ይህን በአረንጓዴው ምንጣፍ ብቻ እንሙላ ካልን 100 ኪሎ ምንጣፍ፣ ማለትም 14 ኪሎ ገብስ በየቀኑ ለአንዲት ላም ያስፈልጋል። ወንድማችን ለእያንዳንዷ 20 ኪሎ ይሰጥ ነበር፤ ለዓይን ክምር ነው፣ ለሆድ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል የማይሞላ ደረቅ መኖ ነው። ጭዱን በዚያ ተክቶ ላሞቹን በውሃ ሲያጠግብ ከርሟል። እሱም ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «እህቴ፣ ሚዛኑን እንደገና አስቀምጪው» አለኝ። እንደገና አስቀመጥኩት። ያው ነው።

ገብሱም እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። አሰላ ያለው የብቅል ፋብሪካ ሳይበቃ ደብረ ብርሃንና ቦሌ ለሚ ላይም ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ተከፍተው ሁሉም ገብስ ይሻማሉ። (የቢራው ተረፈ ምርት ደግሞ ተመልሶ ወደ በረታችን ይመጣል፤ እኛ ቢራውን ባንቀምሰውም ላሞቻችን አተላውን ይወዱታል።) የሚበላ እህል ለላም መስጠቱ የሚያሳስባት እህት ካለች ልክ ናት፣ ያሳስባት።

ይህ ሁሉ ሲባል ነገሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አልጄሪያ ውስጥ በቲንዱፍ አቅራቢያ ባለው የምዕራብ ሰሃራ ስደተኞች ሰፈር ፍየሎች ከቆሻሻ ላይ ካርቶንና ፕላስቲክ ይበሉ ነበር። ታሌብ ብራሂም የሚባል ከራሳቸው ከስደተኞቹ መካከል የሆነ የእርሻ ባለሙያ ከዓለም ምግብ ፕሮግራም ጋር ሆኖ በቀላል ቁሳቁስ ገብስ ማብቀል አስተማራቸው። በረሃ ነው፣ ሣር ጨርሶ የለም፣ ፍየል ደግሞ እንደ ላም ብዙ አትበላም። እዚያ ይህ መኖ ሕይወት ነው። ለእኛ ግን ጭድና ድርቆሽ ተወደደ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ አረንጓዴው ቡቃያ በጭዱ ላይ የሚጨመር እንጂ ጭዱን የሚተካ አይሆንም። በደረቅ ጭድ ብቻ የከረመች ላም ከለምለም የምታገኘውን ቫይታሚን ታገኝበታለች፣ ከተከተፈ ጭድ ጋር ሲደባለቅላትም ጭዱን በደስታ ትጨርሳለች።

እነሱ አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። በቀን ለሦስቱ ላሞች 2 ኪሎ ገብስ ብቻ ያበቅላሉ፤ 14 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ለእያንዳንዷ አምስት ኪሎ የማይሞላ። ገብሱ ለምግብ ከሚሸጠው ነው። ለዘር የተዘጋጀና በመድኃኒት የታሸ፣ ቀለም ያለው እህል በምንም ዓይነት አይገዙም፣ መርዝ ነውና። አዲስ ኩንታል ሲገዙ መቶ ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልላሉ፤ ከ90 በታች ከበቀለ ለነጋዴው ይመልሱታል። ያልበቀለው ፍሬ ነው መጀመሪያ የሚሻግተው። ገብሱን ያጥባሉ፣ በ10 ሊትር ውሃ አንድ ሲኒ በረኪና ጨምረው ለግማሽ ሰዓት ይነክሩታል፣ ደህና አድርገው ያለቀልቁና በንጹሕ ውሃ ያሳድሩታል። ከዚያ ከሥሩ በተበሳ ትሪ ላይ ጣት የማይሞላ ውፍረት ኖሮት ይሰጣል። ቀን ሦስት አራት ጊዜ ውሃ ይረጫል፣ ውሃው ግን መቆም የለበትም። በእኛ በኩል የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች ከተማውን ያጠጣሉ፣ እኛ ጉርብትናው ላይ ሆነን ጀሪካን እንደረድራለን። ደግነቱ የሚፈሰው ውሃ ከሥር ተጠራቅሞ ለጓሮው ዝሆኔ ሣር ይሆናል።

አየራችን ለዚህ ይመቻል፣ እንደ ቆላ አያቃጥለውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያል። የሚያስፈራው ክረምቱ ነው። ነጭ ጸጉር የመሰለው ቀጭን ሥር ጤነኛ ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር የተጋረደ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ዱቄት ያለበት፣ የሚከረፋ ከሆነ ግን ሻጋታ ነው። በበቀለ እህል ላይ የሚወጣ የሻጋታ ዓይነት አለ፤ ላም ስትበላው ይንቀጠቀጣል፣ እግሯ ይከዳታል፣ እስከ ሞትም ያደርሳል። ከፋጉሎ ሻጋታ ሸሽቶ እዚህ ሌላ ሻጋታ መቀለብ እንዳይሆን። «ከላይ ያለውን አንሥቼ ታችኛውን ልስጥ» አይባልም፣ ትሪው ሙሉ በሙሉ ይደፋል፣ በበረኪናም ይታጠባል።

ገንዘብ ያላት እህት መደርደሪያ ከማሠራቷ በፊት ጭዷን በዩሪያ ታክም ብዬ እመክራለሁ፦ 100 ኪሎ ጭድ፣ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ የተበጠበጠ፣ በፕላስቲክ አየር እንዳይገባው ታፍኖ ሦስት ሳምንት። ዩሪያው በደንብ ይሟሟ፣ ሲከፈትም ሽታው እስኪወጣ አንድ ቀን ይናፈስ፣ ለትንንሽ ጥጆች አይሰጥ። የአካባቢያችሁን የእንስሳት ባለሙያ ጠርታችሁ የመጀመሪያውን አብራችሁ ብትሠሩ ይሻላል።

የሴቶች ኅብረታችን ገንዘብ እስካሁን አልተነካም። ከአምስቱ መደርደሪያ ሦስቱ ተሸጠው የኮሌጁ ክፍያ ግማሹ ተከፍሏል፣ ግማሹን ኮሌጁ እስከ ጥር ታግሷል። ላሟ ባለፈው ሳምንት 10 ሊትር ደርሳለች። በረቱ በር ላይ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል፤ የተዘራው፣ የታጨደው፣ የታለበው ይጻፍበታል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሁሉ የእሱ እጅ ጽሑፍ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ የመጨረሻው መስመር ግን የእሷ ነበር፦ «አንድ ትሪ ሻገተ። ደፋሁት። ጭድ ጨመርኩላቸው።»