ሥዕል በቤት ግድግዳ ላይ

ሰው ቤት የሚሠራው ከፀሐይና ከዝናብ ለመጠለል ብቻ አይደለም። ቤት አንድ ቤተሰብ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያከብር ለልጆቹ የሚያስታውቅበት ስፍራም ነው። ከዚህ የተነሣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል እንደ ተራ ጌጥ ብቻ ሊቈጠር አይገባውም። በእኔ አስተያየት፣ ሥዕል የሚሰቀለው የቤቱ ልጆች አይተው እንዲማሩበት ነው፤ እንዲማሩበትም በሚታይ ስፍራ መሰቀልና ሳይበላሽ መጠበቅ አለበት።

ለዚህ የጅቡቲ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ ሥራ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚህ መንገድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ወደቢቱ ከተማ ወርደው በዚያ ኖረዋል። ከደጋ የሚወርድ ሰው ከጓዙ ጋር የወላጆቹን ፎቶግራፍ፣ ወይም በብራናና በሸራ የተሣለ የአገር ቤት ሥዕል ቢይዝ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የጅቡቲ አየር ለእነዚህ ነገሮች አይራራም። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ከባሕሩ የሚነሣውም አየር እርጥበትና ጨው የተሸከመ ነው። ብራና እርጥበት ሲያገኘው ይጨማደዳል፤ ሸራ ይሻግታል፤ ተራ ምስማርም ዝጎ ግድግዳውንና ሥዕሉን ያበላሻል።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚኖር ሰው የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ምስማር ሊመርጥ ይገባዋል። በክፈፉ ጀርባ፣ በታችኞቹ ማዕዘኖች፣ ትንንሽ የቡሽ ቁራጮች ቢለጥፍ በሥዕሉና በግድግዳው መካከል አየር ይተላለፋል። የክፈፉ መስተዋት ከሥዕሉ ጋር መጣበቅ የለበትም። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ግድግዳም ቀለምን ስለሚያደበዝዝ ለሥዕል አይሆንም።

ከጥበቃው ቀጥሎ የሚመጣው የአሰቃቀሉ ጉዳይ ነው። በብዙ ቤቶች ሥዕልና ፎቶግራፍ ከጣሪያው ሥር ይሰቀላሉ። ይህ ልማድ ከአክብሮት የመነጨ ቢሆንም፣ ሕፃናት የአያታቸውን መልክ እንኳ ለይተው እንዳያውቁ ያደርጋል። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ለቆመ ሰው ዐይን ይስማማል። ምንጣፍ ተነጥፎ፣ መከዳ ተደግፎ በሚቀመጡበት ክፍል ግን ከዚህም ዝቅ ማለት ይኖርበታል።

ሥርዓትም ያስፈልጋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየው ባህላዊ ሥዕል ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ ተመልካቹም እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ታሪኩን ይከተላል። የቤተሰብ ፎቶግራፎችም ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ በተራ ቢሰቀሉ እንዲሁ የሚነበብ ታሪክ ይሆናሉ።

አንዳንዶች «ግድግዳን ማስጌጥ የባለጸጎች ሥራ ነው» ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ለመረዳት የሐረርን ቤቶች መመልከት ይበቃል። የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጌይ ጋር በሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ ሴቶች በእጃቸው ከሣር የሰፏቸው ባለቀለም ስፌቶች በግድግዳው ላይ በመጠናቸውና በቀለማቸው ተስማምተው ይሰቀላሉ። ስፌቶቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የእናትን ሙያ ለልጅ ያስተላልፋሉ። የሰው ምስል መስቀል ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ቤተሰብም ቢሆን የተዋበ ጽሕፈት ወይም የአገሩን ስፌት ሊሰቅል ይችላል።

በመጨረሻም፣ ሥዕል ብቻውን አይናገርም። አባትና እናት ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተሠራ፣ ለምን እንደ ተሰቀለ ካልነገሩ፣ በባዕድ አገር ለተወለደ ልጅ የአያቱ ፎቶግራፍ የማያውቀው ሰው መልክ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ጥቂት ሥዕሎችን መርጦ፣ በሚታይ ስፍራ ሰቅሎና ከእርጥበት ጠብቆ ታሪካቸውን ለልጆች ማስረዳት የእያንዳንዱ ወላጅ ተግባር ሊሆን ይገባዋል።