ፊደላችን በ“ኤክስ” እጥፍ የሚቆጠረው ለምንድን ነው?

የረዥም ጽሑፍ አገልግሎት በሌላቸው የ“ኤክስ” (የቀድሞው “ትዊተር”) ገጾች መግለጫ የሚያወጡ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች፣ የአማርኛ ጽሑፋቸው ገና በ140 ፊደል ገደማ የ280 ቁምፊዎችን ጣሪያ ሲነካ ያስተውላሉ።

ምንጩ ኩባንያው ለማንም ክፍት ያደረገው “ትዊተር ቴክስት” የተሰኘ አነስተኛ የፕሮግራም ላይብረሪ ነው። ላይብረሪው ልጥፉን ተንትኖ አድራሻዎችን፣ የተጠቃሚ ስሞችንና ሀሽታጎችን ይለያል፤ ርዝመቱንም ይቆጥራል። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ከ0 እስከ 4351 ተራ ቁጥር የያዙትን ቁምፊዎች አንድ፣ ከጥቂት ሥርዓተ ነጥቦች በቀር የተቀሩትን ሁለት አድርጎ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድን የተቀላቀለው የግዕዝ ፊደል የሚጀምረው ከ4608 ነው።

ጣሪያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከ140 ወደ 280 ሲያድግ የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ጽሑፎች በጥቂት ቁምፊ ብዙ ስለሚገልጹ በነበሩበት እንዲቆዩ ተደረገ። በሠንጠረዡ ከኮሪያ ቁምፊዎች አጠገብ የተቀመጠው ፊደላችንም አብሮ ከመስመሩ ወዲያ ቀረ። እርግጥ ነው፣ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ጉዳቱ የግማሽ ያህል አይደለም።

ይሁን እንጂ የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ ለሁለት ተከፍሎ ቀኑና ሰፈሩ በሁለተኛው ልጥፍ ቢወድቁ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ነዋሪ ሳይዘጋጅ ይቀራል። በመሆኑም ረቂቁ ሲዘጋጅ ቀንና ቦታን ማስቀደም ያሻል። አራት ነጥብም እንደ ፊደሉ ሁለት ይቆጠራል፤ የድረ ገጽ አድራሻ ግን የቱንም ያህል ቢረዝም 23 ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አስፍሮ አድራሻውን ማያያዝ ይበልጥ ያዋጣል።