የኪስ ካሜራና የጣታችን ሥልጣን

ዐምና በዘመን መለወጫ ዕለት አያታችን ቡና ሲቀዱ ፎቶግራፍ ልናነሣቸው ብለን ትንሿን ዲጂታል ካሜራ ከኪሳችን አወጣን። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነበር፤ ዕጣኑም ይጨሳል። ካሜራው በራሱ ፎከስ ላድርግ ብሎ ሌንሱን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲያመላልስ ቆየና የእሳቸውን ፊት ትቶ ከበስተኋላቸው ያለውን ባለ አበባ መጋረጃ አጥርቶ አነሣ። በእጃችን እናስተካክል ብንል ትእዛዙ ከስንት ዝርዝር ሥር ተደብቋል፤ እስክናገኘው ድረስ ሲኒው ሞላ። አያታችን በወሩ ዐረፉ። ከዚያች ቀን የቀረልን መጋረጃው ነው።

ካሜራ ብርሃንና ጥላው ጎልቶ የሚለይ ነገር ስለሚፈልግ ጢስና ጨለማ ቢያታልሉት አያስደንቅም። የሚያናድደን ግን «በእጅም ይስተካከላል» እየተባለ ለጣት የሚሆን ነገር አለመበጀቱ ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ፉጂፊልም ኤክስ 100 በሌንሱ ላይ የፎከስ ቀለበት አለው፤ ለእጅም ደስ ይላል። ነገር ግን ቀለበቱ መስተዋቱን ራሱ አይገፋም፤ ሞተሩን ያዛል እንጂ። በመጀመሪያው ጊዜ ከቅርብ ወደ ሩቅ ለመድረስ ደጋግሞ ማዞር ያስፈልግ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የውስጥ ፕሮግራሙ ሲታደስ ተሻሻለ።

በዚያው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪኮ ጂ አር ግን ቀለበት የለውም። ሆኖም እኛ እርሱን እንመርጣለን (የቀለበት ወዳጆች ይቆጡን ይሆናል)። ርቀቱን አስቀድመን አንድ ሜትር ተኩል ብለን እንወስንለታለን፤ ቁልፉን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስንጫነው ፍለጋ ሳያበዛ ወደዚያው ርቀት ይሄዳል። ሌንሱ ጨርሶ ተከፍቶ እንኳ ከአንድ ሜትር ከሃያ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ይጠራል። ከረከቦት ማዶ ለተቀመጠ ሰው ይህ ይበቃል። ፀሐይ ባለበት ደግሞ በኤፍ 8 ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ብንተወው፣ ከአንድ ሜትር ጥቂት አለፍ ካለው ጀምሮ ተራራው ድረስ ይይዛል። አያያዙም ቢሆን ቀኝ እጅ ብቻውን ይበቃዋል፤ በግራ እጅ ሲኒ መቀበል ይቻላል።

እንግዲህ ካሜራ ሊገዛ የሄደ ሰው የሜጋፒክሰሉን ቁጥር ከመጠየቁ በፊት ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግ ዞር ብሎ፣ ዝርዝር ሳይከፍት፣ የሻጩን ፊት በጣቱ ብቻ አጥርቶ ለማንሣት ይሞክር። ሻጩ ቢሰለችም አይመልስለት።