በኩባያው ላይ የታሰረው ክር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አነጋገር በአገራችን የተለመደ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የአንድ በሽታ ስም ግን መልአክ ያወጣው አይመስለንም፤ ብዙ ቤተ ሰብ አሳስቶአልና። ውድ አንባቢዎቻችን እንደምታስታውሱት፣ በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር በሜክሲኮ የታየው አዲስ የኢንፍሉዌንዛ በሽታ «የአሳማ ጉንፋን» ተብሎ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ወሬው በራዲዮ በተነገረ ጊዜ በእኛም ቤት በጎረቤቶቻችንም ቤት የተሰማው ቃል አንድ ነበር፤ ይኸውም፣ «እኛ አሳማ አንበላ፣ አሳማ አናረባ፤ ምን አገባን?» የሚል ነው። ይህን ብለን ሁላችንም ወደየሥራችን ተመለስን።

ነገሩ ግን እንዳሰብነው አልነበረም። በሽታው ይህን ስም ያገኘው፣ ቫይረሱ በአሳማዎች ላይ ከሚገኙት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች የመጣ በመሆኑ ነው እንጂ፣ ሥጋውን የበላ ሁሉ የሚያዝበት ሆኖ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ንክኪ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም ስሙ ሰውን እንደሚያሳስት ተመልክቶ፣ በዚያው በሚያዝያ ወር «ኢንፍሉዌንዛ ኤ ኤች 1 ኤን 1» ብሎ ይጠራው ጀመር፤ ሕዝቡ ግን የፊተኛውን ስም አልተወም።

ስም የሚያመጣውን ጉዳት በግብፅ የሆነው ያስረዳል። በዚያ ወር የግብፅ መንግሥት በአገሩ ያሉት 300,000 ያህል አሳማዎች እንዲታረዱ አዘዘ። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ በካይሮ ከተማ ቆሻሻ እየሰበሰቡ የሚኖሩ ድኾች የቅብጥ ክርስቲያኖች ነበሩ። የምግቡን ትራፊ የሚበሉት አሳማዎቹ ነበሩና፣ እነርሱ ካለቁ በኋላ ቆሻሻው በየመንገዱ ተከመረ። ድኾቹ እንጀራቸውን አጡ፤ በሽታው ግን ወደ አገሩ ከመግባት አልቀረም፤ የሚጓዘው በሰው እስትንፋስ ነበርና።

ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። በዚሁ በሰኔ ወር በአገራችን በሽታው መጀመሪያ የተገኘባቸው፣ ከአሜሪካ ትምህርት ቤት የተመለሱ ሁለት ልጃገረዶች መሆናቸው ተነገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋታችን ከአሳማው ተነሥቶ በእንግዳው ላይ ዐረፈ።

በሐምሌ ወር እኅታችን ሁለት ልጆችዋን ይዛ ለክረምቱ ዕረፍት ከዋሽንግተን መጣች። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳንተያይ ቆይተን ነበርና፣ በአውሮፕላን ጣቢያ ስንሳሳም ስለ በሽታ ያሰበ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። በሦስተኛው ሌሊት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነችው ታላቂቱ በትኩሳት ነደደች፤ ሳልም ያዛት። በማግሥቱ ወሬው ከግቢያችን ወጣ። ልጆችዋን ዘወትር ከእኛ ልጆች ጋር እንዲጫወቱ ትልክ የነበረችው ጎረቤታችን ላከችብን እንጂ ልጆችዋን አላከችም፤ ከቡናችን የማይቀሩትም «ሥራ በዛብን» እያሉ ቀሩ። በእነርሱ ለመፍረድ ግን አንደፍርም፤ ከዚያ የከፋውን በገዛ ቤታችን ያደረግነው እኛው ነንና።

ይኸውም እንዲህ ነው። የሰባ ስምንት ዓመት አረጋዊት የሆኑት እናታችን እንዳይያዙ ስለ ፈራን፣ ለታመመችው ልጅ አንድ ኩባያ ለየንና፣ ሌላ ሰው ተሳስቶ እንዳይጠጣበት በእጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርንበት። ለልጅቱ ግን ምክንያቱን አልነገርናትም። እርስዋም ክሩን በጣትዋ እየነካካች፣ «እማማ፣ የእኔ ኩባያ ብቻ ለምን ታሰረበት?» ብላ አያትዋን ጠየቀች። በዚያ የነበርነው ሁሉ አንገታችንን ደፋን። እናታችን ግን የጥልፍ ክራቸውን አስመጥተው በቤት ያሉትን ኩባያዎች ሁሉ በፊታቸው አስደረደሩ። ለራሳቸው አረንጓዴ፣ ለእኅታችን ቢጫ፣ ለእኛም ጥቁር፣ እንዲህ እያሉ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቀለም አሰሩና፣ «ይኸው እሙዬ፣ በዚህ ቤት ሁሉም የየራሱ አለው፤ ያንቺ ቀዩ ነው» አሉአት። ልጅቱም ፈገግ ብላ ጠጣች።

ከዚያ በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «እናቴ ስለ ኅዳር በሽታ ስታወራ፣ ሰውን የጨረሰው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚያቀብል ማጣትም ነው ትል ነበር። ልጅቱን መለየቱን ለዩአት፤ ብቻዋን ግን አትተዉአት» አሉን።

የኅዳር በሽታ የተባለው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አገራችንን የመታው ወረርሽኝ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ጢሱ በሽታውን እንደማያባርር ዛሬ ይታወቃል። የሚያስደንቀው ግን የ1911ዱም የ2001ዱም ቫይረስ ኤች 1 ኤን 1 ከሚባለው ከአንድ ወገን መሆኑ ነው። እናታችን ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ሆኖም የአያቱን ትምህርት ለልጅ ልጁ በሽታ አዋሉት።

በማግሥቱ ልጅቱን ወደ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙም መርምረው ከጨረሱ በኋላ፣ «በቤታችሁ እርጉዝ ሴት አለችን?» ብለው ጠየቁን። ይህን ስንሰማ ደነገጥን። የወንድማችን ባለቤት የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ልጅቱንም ቀንና ሌሊት የምታስታምመው እርስዋ ነበረች። ወጣትና ብርቱ ናት ብለን ስለ እርስዋ ያሰበ ማንም አልነበረም። ሐኪሙም ይህ በሽታ በእርጉዞች፣ በሕፃናትና እንደ አስም ያለ ሕመም ባለባቸው ላይ እንደሚከፋ፣ እናታችንን የመሰሉ አረጋውያን ግን በልጅነታቸው ይህን የሚመስል ቫይረስ ያገኛቸው በመሆኑ በዚህኛው ብዙ ጊዜ እንደማይያዙ አስረዱን። ኋላም በተደረገው ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት በዓለም ላይ ከ151,700 እስከ 575,400 ሰው በዚህ በሽታ እንደ ሞተ፣ ከእነዚህም ከመቶው 80 ያህሉ ከ65 ዓመት በታች እንደ ነበሩ ተገምቶአል። እኛ ያጠርነው ሌላውን በር ነበር፤ የተከፈተው ግን ያልጠበቅነው ነው።

በአምስተኛው ቀን የወንድማችን ባለቤት ትኩሳት ያዛት፤ ትንፋሽዋም አጠረ። ያንኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት አደረስናት። ስድስት ሌሊት ተኛች፤ በእነዚያም ሌሊቶች በቤታችን እንቅልፍ የተኛ አልነበረም። ልጅቱ በሳምንትዋ ድና ስትነሣ፣ «በእኔ ምክንያት ነው» እያለች በየጥጉ ታለቅስ ነበር። እናታችንም፣ «ልጄ፣ በሽታ የማንም አይደለም፤ ሁሉንም የሚያገኝ መንገደኛ ነው» እያሉ ያባብሉአት ነበር። የወንድማችን ባለቤት በሰባተኛው ቀን ወደ ቤትዋ ተመለሰች፤ በጥቅምት ወርም ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ወረርሽኙ ማብቃቱ የተነገረው ነሐሴ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ ግን ከዓለም አልጠፋም፤ በየወቅቱ ከሚመላለሱት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች እንደ አንዱ ሆኖ ዛሬም ይኖራል። ስለዚህ ከዚያ ክረምት የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ይገባናል።

በቤት የታመመ ሰው ሲኖር መስኮቱን መክፈት፣ የሚያስታምመውም አንድ ሰው እንዲሆን፣ ያም ሰው እርጉዝ ወይም አስም ያለበት እንዳይሆን መምረጥ ያስፈልጋል። ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብ የቆየ ልማዳችን ነው፤ በሳሙና ሲሆን ይበልጥ ይጠቅማል። ታማሚው ትኩሳቱ ያለ ማብረጃ መድኃኒት አንድ ሙሉ ቀን እስኪተወው ድረስ ከትምህርትና ከሥራ ይቅር። ዝንጅብሉና ማሩ ጉሮሮን ያለዝቡ ይሆናል እንጂ ሐኪምን አይተኩም፤ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ወይም የተሻለው ትኩሳት ተመልሶ ከበረታ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። እንግዳ ሲመጣም፣ ጕንጭ መሳሳሙ ቢቀር፣ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት አባቶቻችን ያወረሱን ሰላምታ ስለ ሆነ የሚያሳፍር አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥንቃቄው በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ሰው በሽታውን የሚደብቀው ደግሞ ስድቡን ስለሚፈራ ነው። ሁሉም የየራሱ ኩባያ ሲኖረው የሚያፍር አይኖርም፤ የሚያፍር ከሌለም የሚደብቅ አይኖርም።

እናታችን ካረፉ ዓመታት ዐልፈዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜ፣ ያች ልጅ ከባልንጀሮችዋ ጋር በምትኖርበት በአሜሪካ ሆና አንድ ፎቶግራፍ ላከችልን። በጠረጴዛ ላይ አራት ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ በየእጀታቸውም ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር ታስሮአል። ከሥሩ የጻፈችው፣ «ቀዩ የእኔ ነው» የሚል ብቻ ነበር።