የትርፍ ጊዜ ሥራ፦ ትንሿ የእሽቅድድም መኪና
እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ በ402 ሜትር ቀጥታ መንገድ ላይ ይሽቀዳደሙ የነበሩትን መኪናዎች 25 ጊዜ አሳንሶ መሥራት ለብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። በሣጥን ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ፕላስቲክ ግን ሁሉን አሟልቶ አይገኝም፤ የጎደለውን በእጅ መሥራት ያስፈልጋል።

ይህም አስቀድሞ የሒሳብ ሥራ ነው። 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የካንዴላ ገመድ ለ25 ሲካፈል 0.32 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ከተበላሸ ሬዲዮ የተፈታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይበቃዋል። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር ስለሆነ 8 ገመድ ይቈረጣል፤ እያንዳንዱም ወደየራሱ ካንዴላ ይደርሳል እንጂ ለጌጥ አይንጠለጠልም።

ይሁን እንጂ ሒሳብ ብቻውን አይበቃም፤ ታሪክም ማወቅ ያሻል። ዝነኛው ተሽቀዳዳሚ ዶን ጋርሊትስ በ1970 በካሊፎርኒያ ሞተሩ ከፊቱ በነበረው መኪና ሲነሣ፥ ካምቢዮው ፈንድቶ የቀኝ እግሩን ጫፍ ቈረጠበት። እርሱም በሚከተለው ዓመት ሞተሩን ከኋላው አድርጎ ድል ነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የ1970ውን መኪና የምትሠራ እንደሆነ ካምቢዮውን ከነጂው እግር አጠገብ አጣብቅ፤ የ1971ዱን የምትሠራ እንደሆነ ግን ሞተሩን ወደ ኋላ አዙር። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው አሻንጉሊት ሠራ እንጂ መኪና አልሠራም።