በዶራሌ ሙቀት የምግብን ልክ ስለ ማወቅ

ከጂቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ በባሕር ዳር የሚገኘው ዶራሌ፣ የኮንቴይነር ወደቡ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2009፣ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚራገፍበት ወደብ ደግሞ በ2017 ከተመረቀ ወዲህ፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ዋና በር ሆኗል። ስለዚህም ከደጋ የወረዱ ብዙ ሾፌሮች፣ ትራንዚተሮችና ጸሐፊዎች የሥራ ዘመናቸውን በከፊል በዚያ ያሳልፋሉ። ከእነዚህም መካከል ቀኑን ሙሉ በቀዘቀዘ ክፍል ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው፣ ሆዱ እየገፋ ክንዱ እየሰለለ ሲሄድ ያያል። ክብደቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ጡንቻውን ሊያጠነክር ሲመኝም፣ በቀን ስንት ካሎሪ ልብላ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ካሎሪ የምግብ ኃይል መለኪያ ነው፤ ስሙም ሙቀት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቀው ኃይል በምግብ አቈጣጠር አንድ ካሎሪ ይባላል።

ለመነሻ የሚሆን ሒሳብ አለ። ክብደትን በኪሎ በ10፣ ቁመትን በሳንቲ ሜትር በ6.25 አባዝቶ መደመር፤ ከድምሩም ዕድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ፤ ከዚያም ወንድ 5 ይጨምራል፤ ሴት 161 ትቀንሳለች። ዕድሜው 35፣ ክብደቱ 70 ኪሎ፣ ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወንድ 1590 ገደማ ያገኛል። ይኸውም ተኝቶ ቢውል እንኳ ሰውነቱ የሚፈጀው ነው። ተቀምጦ እየሠራ በሳምንት ጥቂት ቀን ስፖርት የሚሠራ ከሆነ በ1.5 ቢያባዛው 2400 ያህል ይሆናል። ይህ ግን ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ሚዛን ነው።

በዶራሌ ደግሞ ሚዛን ያታልላል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በኮንቴይነሮቹ መካከል ሲመላለስ የዋለ ሰው ማታ ቢመዘን አንድ ኪሎ ጐድሎ ሊገኝ ይችላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ካሎሪ ያህል ይይዛል፤ ለዚያ ሰው ከሦስት ቀን ምግብ ይበልጣል። በአንድ ቀን ይህን ያህል አላቃጠለም፤ የጐደለው ላብ ነው። ከሳሁ ብሎ ደንግጦ እራቱን እጥፍ ቢያደርግ፣ ውኃው በማግስቱ ይመለሳል፤ ትርፉ እራት ግን ወደ ሆድ ይሄዳል።

ስለዚህ ጧት ከመኝታ ተነሥቶ፣ ከሽንት በኋላ፣ ምንም ሳይቀምሱ መመዘንና የሳምንቱን አማካይ መያዝ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አማካዩ በግማሽ ኪሎ ቢቀንስ፣ ጕድለቱ በቀን 275 ካሎሪ ያህል ነው፤ ያን ያህል ይጨመራል፤ ክብደቱ ከጨመረም እንዲሁ ይቀነሳል። ወገብንም በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ያሻል። በተለይ ለጀማሪ፣ ስብ እየቀነሰ ጡንቻ ሲተካ ሚዛኑ ባለበት ይቆማል፤ ለውጡን የሚናገረው ወገቡ ነው።

ምግቡ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ከባድ ነገር ማንሣት፣ ክብደቱንም ጥቂት በጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። መሣሪያ የሌለው ሰው 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑን አይርሳ።

ጡንቻን የሚገነባው ፕሮቲን ሲሆን፣ ስፖርት ለሚሠራ ሰው በየኪሎው 1.6 ግራም ይበቃዋል፤ ለ70 ኪሎ ሰው 112 ግራም ማለት ነው። ሦስት ዕንቍላል 18 ግራም ያህል፣ 200 ግራም የበሰለ ዓሣ 45 ገደማ፣ በጥሬው የተመዘነ 100 ግራም ምስር 24 ያህል ይሰጣሉ፤ የቀረውን እንጀራው፣ ዳቦውና ወተቱ ይሞሉታል። በጾም ቀን ሽምብራና ባቄላ ይጨመራሉ። በጣሳ የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄት ይህን ለሚበላ ሰው የገንዘብ ብክነት ይመስለኛል። የኵላሊት ሕመም ያለበት ግን ፕሮቲን ከማብዛቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

ሒሳቡን ሳይታወቅ የሚያፈርሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የወጥ ዘይት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በዓይን ግምት የሚፈስስ ዘይት የቀኑን ልክ ያሳልፋል። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ ወደ ጂቡቲ እየገባ ከቀትር በኋላ የሚቃመው ጫት ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ እራት ይቀራል፤ እንቅልፍም ይሸሻል፤ በማግስቱ የሚነሣው ጀሪካንም ይከብዳል።

የስፖርቱ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት በፊት ይሁን። ቀትር ላይ በዚያ ሙቀት መሥራት ለሕይወት ያሰጋል፤ ራስ ካዞረና ካቅለሸለሸ ወዲያው አቁሞ ወደ ጥላ መግባት ግዴታ ነው። ከስፖርቱ በፊትና በኋላ ተመዝኖ የጐደለው አንድ ኪሎ ቢሆን፣ አንድ ሊትር ውኃ ወይም ጥቂት የሚበልጥ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያለ ይጠጣ፤ ቍርሱም ጨው ያለበት ይሁን።