ጎማ በመንገዱ እንጂ በመልኩ አይገዛም



ስለ መንግሥት መኪና ጎማ አንድ አስተያየት ለማቅረብ እፈልጋለሁና ከአንባብያን ዓምድ ላይ ጥቂት ስፍራ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በከተማ መሥሪያ ቤት ለሚውል አንባቢ ነገሩ የሹፌርና የጎሚስታ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ክትባት የጫነች ፒክአፕ ማጥ ውስጥ ቀርታ የማቀዝቀዣው በረዶ ሲቀልጥ፤ ወይም በዝናብ ጊዜ በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተይዞ መኪናዋ አልቆም ስትል፤ የጎማ ምርጫ የሰው ሕይወትና የመንግሥት ገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ይታወቃል።

እኔ የምሠራው በሰንበቴ ነው። ሰንበቴ በአማራ ክልል፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። አፋሩ፤ ኦሮሞው፤ አርጎባውና አማራው የሚገናኝበትን የእሑድ ገበያዋን የማያውቅ የዚህ መንገድ ተጓዥ ጥቂት ነው። የወረዳችን መኪኖች ሦስት ዓይነት መንገድ ይጠብቃቸዋል። ለስብሰባ ወደ ከሚሴ፤ ለዕቃ ወደ ኮምቦልቻ፤ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ መንገዱ አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌዎች ሲታጠፍ ኮረኮንች ይሆናል። ወደ ቆላው ሜዳ ሲወረድ ደግሞ በክረምት ዋልካ ነው።

ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን አብጦ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በአገራችን ይህን የመሰለው ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን የአፈር ባለሙያዎች ጽፈዋል። እንግዲህ የምናገረው ስለ ሰንበቴ ቢሆንም ጉዳዩ የብዙ ወረዳ ጉዳይ ነው።

ለፒክአፕ የሚቀርበው ጎማ በተለይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለሁሉም መንገድ እንዲሆን የተሠራውና በጎኑ ላይ «ኤ/ቲ» የሚል ምልክት ያለው ሲሆን፤ ጥርሶቹ ተቀራራቢ ናቸው። ሁለተኛው «ኤም/ቲ» የሚባለው የጭቃ ጎማ ነው። የጭቃው ጎማ ጥርሱ ትልልቅ፤ በጥርሶቹ መካከል ያለውም ክፍተት ሰፊ ስለሆነ፤ ሲሽከረከር የያዘውን ጭቃ እየወረወረ እንደገና መሬት ይቆነጥጣል። የመጀመሪያው ግን በዋልካ ላይ ጥርሱ በጭቃ ይሞላና እንደ ምጣድ ልሙጥ ይሆናል። ይህን ማንም ሊክድ አይችልም።

ይሁን እንጂ የጭቃው ጎማ በጭቃ ላይ የጠቀመው ሰፊ ክፍተት በአስፋልት ላይ ይጎዳዋል። መሬት የሚነካው ላስቲክ ጥቂት ስለሆነ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም። ድምፁ ይጮኻል፤ ነዳጅ ያበዛል፤ ጥርሱም ፈጥኖ ያልቃል። ከሰንበቴ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ጣርማ በርን በጉምና በዝናብ መውጣትና መውረድ አለበት። በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚያስፈልገው አስፋልት የሚይዝ ጎማ እንጂ ግርማ ሞገስ ያለው ጎማ አይደለም።

ዛሬ ግን ጎማ በመልኩ መግዛት ልማድ እየሆነ መጥቷል። ጥርሱ የገዘፈ ጎማ ያሰረች ደብል ጋቢና የትልቅ ሰው መኪና ትመስላለች። እኔ በማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ወሩን ሙሉ ከአስፋልት ለማትወርድ መኪና የጭቃ ጎማ ተገዛላት፤ ሹፌሩም ጎማውን ያየው በታሰረበት ቀን ነው። በዚያው ግቢ የቆላውን ቀበሌ የምታገለግለው መኪና ጥርሱ ባለቀ ጎማ ክረምቱን ተቀበለች። ሁለቱም ግዢዎች በወረቀት ሲታዩ ጉድለት የለባቸውም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ጭቃ ውስጥ ከማደር ጩኸቱን መታገሥ ይሻላል» ይሉኛል። ዓመቱን ሙሉ ዋልካ ለምትረግጥ መኪና እውነት ነው። ነገር ግን ዋልካው ተሽከርካሪውን እስከ ቸርኬው ሲውጥ የጭቃውም ጎማ አያወጣም። በዚያን ጊዜ የሚበጀው መሬቱ በፀሐይ እስኪጠጥር አንድ ቀን መታገሥ፤ ወይም ዕቃውን በግመልና በአህያ ማሻገር ነው። ከሁሉም የሚሻለው ማዳበሪያውንና መድኃኒቱን ሰኔ ሳይገባ ማድረስ ነው። አባቶቻችን «እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። አስፋልትና ኮረኮንች ለሚበዛባቸው መኪኖች ለሁሉም መንገድ የሚሆነው ጎማ ይገዛ። በየወረዳው አንዲት መኪና ለቆላው ቀበሌዎች ተለይታ የጭቃ ጎማ ይታሰርላት፤ እርስዋም ያለ ግድ ጉዳይ ለአዲስ አበባ መንገድ አትታዘዝ። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነትና አንድ ልክ ይሁኑ፤ ፊትና ኋላው ከተለያየ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ማርሽ ይጎዳልና። በጭቃ ውስጥ እንዲቆነጥጥ አየሩ የተቀነሰለት ጎማም አስፋልት ላይ ሳይወጣ ይነፋ፤ ያለዚያ ግሎ ይፈነዳል።

ዕቃ ተረካቢውም የጎማውን ዕድሜ ይመልከት። በጎኑ ላይ የታተሙት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ «1524» ቢል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በ15ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ብዙ ዓመት በመጋዘን የተኛ ጎማ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል። ከጨረታውም በፊት ሹፌሩ ይጠየቅ፤ የጉዞ መዝገቡም ይታይ። መኪናዋ ስንት ኪሎ ሜትር በአስፋልት፤ ስንት በጭቃ እንደሄደች ከመዝገቡ የበለጠ ምስክር የለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ፤ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ በሚመጣ ጎማ ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር አያስፈልግም። ያለ ቦታው የታሰረ አንድ ጎማ የአንድ ጤና ኬላን መድኃኒት ሊያስቀር ይችላል።

የሚመለከታቸው የግዢ ኃላፊዎች ይህን አስተያየት በቅን ልቡና ተመልክተው፤ መጪው ክረምት ሳይገባ የየመኪናውን መንገድና ጎማ እንዲያመዛዝኑ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሰንበቴ